የተሰወረው ሣጥን

እኔ በባንክ መስኮት ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ማኅተም የማሳርፍ ሰው ነኝ። ሰው ለሰው ቃል ስለማያምን ማኅተም ያስፈልጋል። በመተማመን ብቻ የሚኖር ማኅተም ታሪክ ሳነብ ስለዚህ ተገረምሁ።

እ.ኤ.አ. በ1854 ጄምስ ፔሮት የተባለ እንግሊዛዊ መንገድ መሪ፣ በዳርትሙር ረግረጋማ ምድር፣ ክራንሜር ፑል ከተባለ ሩቅ ስፍራ ጠርሙስ አኖረ፤ በእግሩ የደረሰም የስም ካርዱን ይተውበት ነበር። ኋላ ተጓዦች አድራሻ የጻፉበትን ካርድ እየተዉ፣ ቀጥሎ የደረሰው እንግዳ ለፖስታ ቤት ያደርስላቸው ጀመር። የእኛም ሰው ለመንገደኛ ደብዳቤ አደራ ሲሰጥ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ስሚዝሶኒያን መጽሔት ስለ ልማዱ ከጻፈ ወዲህ በአሜሪካ ተስፋፋ፤ ወደ ከተማ መናፈሻዎችም ገባ። ፈላጊው ፍንጩን ይዞ ከሐውልት ዓመት ያነባል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ ድንጋይ ያነሣል። ሣጥኑን ሲያገኝ የራሱን ማኅተም በሣጥኑ መዝገብ፣ የሣጥኑን በራሱ ደብተር ያትማል። ከዚያም ለማያውቀው ሰው ሲል መልሶ ይሰውረዋል።

ጠባቂ የለው፣ ቁልፍ የለው። ብዙ ካዝና አይቻለሁ፤ እንደዚህ የታመነ ግን አላየሁም።