የአንድ ዶላር ሳንቲም፦ መንዛሪ የማይቀበለውን ገንዘብ ሰብስቦ ማኖር ያዋጣል?

በጁባ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኩጁር ተራራ ግርጌ የሚገኘው አካባቢ ‘ጀበል’ ይባላል፤ ቃሉ በአረብኛ ተራራ ማለት ነው። በጀበል ገበያም ሆነ በሌሎቹ የከተማዋ ገበያዎች ሸቀጥ በደቡብ ሱዳን ፓውንድ ይገዛል፤ ለነገ የሚታሰበው ገንዘብ ግን በአሜሪካ ዶላር ይቀመጣል። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንን ጨምሮ በሆቴል፣ በሱቅና በትራንስፖርት ሥራ ለተሰማሩ የውጭ ዜጎች ዶላር የንግድም የቁጠባም መለኪያ ነው።

ለዚህ በቂ ምክንያት አለ። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ አገሪቱ ነጻነቷን ባወጀችበት እአአ ሐምሌ 2011 ሥራ ላይ ዋለ። መንግሥት ቋሚውን የምንዛሪ ተመን በታኅሣሥ 2015 ሲተው፣ በ2.96 ፓውንድ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ጊዜ 18.5 ፓውንድ ገደማ ደረሰ። በ2016 የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ800 በመቶ በላይ ሆኖ ነበር። ዛሬ አንድ ዶላር የሚመነዘረው በሺዎች በሚቆጠር ፓውንድ ነው።

ገንዘብ እንዲህ በሚረክስበት አገር ዋጋውን የሚጠብቅ ነገር መፈለግ የማንም ሰው ፍላጎት ነው። ወርቃማ መልክ ያለው፣ የማይቀደድና ‘አንድ ዶላር’ የሚል ጽሑፍ የታተመበት ሳንቲም ደግሞ ለዚህ የተመቸ ሊመስል ይችላል። ለመሆኑ እነዚህ ዘመናዊ የዶላር ሳንቲሞች ተሰብስበው ቢቀመጡ ያዋጣሉ?

ወረቀቱ የሚመረጥበት፣ ሳንቲሙ የሚመለስበት ገበያ

በጁባ የወረቀት ዶላር እንኳ ሁሉም እኩል አይደለም። ከ2006 በፊት የታተሙ ኖቶችን የሚቀበል ማግኘት ይከብዳል። የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም ያረጀ ኖት ይመለሳል፤ አለዚያም ዋጋው ይቀነሳል። የ1፣ የ5 እና የ10 ዶላር ኖቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ዶላር ኖት ባነሰ ተመን ይመነዘራሉ።

የሳንቲሙ ዕጣ ከዚህ የባሰ ነው። በዓለም ዙሪያ ባንኮችና የምንዛሪ ቤቶች በአብዛኛው የውጭ አገር ሳንቲም አይገዙም። ሳንቲም ይከብዳል፤ ወደ ወጣበት አገር መልሶ መላኩም ከዋጋው የሚበልጥ ወጪ ያስከትላል። ስለዚህ በኒው ዮርክ ሕጋዊ የአንድ ዶላር መገበያያ የሆነው ሳንቲም በጁባ፣ በአዲስ አበባ ወይም በካምፓላ የሚመነዝረው ካልተገኘ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ ዋጋውን የሚያገኘው ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ከወሰደለት ወይም የሚፈልገው ሰብሳቢ ከተገኘ ብቻ ነው።

አሜሪካውያንም ያልተቀበሉት ሳንቲም

የዶላር ሳንቲም በትውልድ አገሩም አልተወደደም። አሜሪካ ከ1971 እስከ 1978 የፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ምስል ያለበትን ትልቅ ሳንቲም አወጣች። ሳንቲሙ ለኪስ ከባድ ነበር። በ1979 የሴቶች መብት ታጋይዋን ሱዛን አንተኒን የያዘ አነስተኛ ሳንቲም ተከተለ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ750 ሚሊዮን በላይ ቢመረትም፣ በመጠንም በቀለምም ከሩብ ዶላሩ ጋር ስለሚመሳሰል ሕዝቡ እየተሳሳተ ተቸገረበት።

በ2000 ደግሞ ሕፃን ልጇን ያዘለችውን የሾሾኒ ተወላጅ ሳካጃዊያን የያዘው ወርቃማ ሳንቲም ወጣ። ከ2007 ጀምሮም የቀድሞ ፕሬዝዳንቶችን በተራ የሚያሳዩ ሳንቲሞች ተከታትለው ታተሙ። ነገር ግን አንድ ዶላር በወረቀት እስካለ ድረስ ሳንቲሙን የሚመርጥ ብዙ ሰው አልተገኘም። በ2011 በፌዴራል ሪዘርቭ መጋዘኖች ከአንድ ቢሊዮን በላይ የዶላር ሳንቲሞች ተከማችተው ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአገሪቱ መንግሥት ሳንቲሙን ለዕለታዊ መገበያያ ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የሚመረቱት በዋናነት ለሰብሳቢዎች የሚሸጡ ናቸው።

የሰብሳቢው ችግር የሚጀምረውም ከዚህ ነው። በመቶ ሚሊዮኖች ተመርቶ ያልተፈለገ ነገር ብርቅ ሊሆን አይችልም። ሳንቲሙ የወርቅ መልክ ይኑረው እንጂ ወርቅ የለበትም። የሳካጃዊያ ሳንቲም 8.1 ግራም የሚመዝን ሲሆን 88.5 በመቶው መዳብ፣ ቀሪው ዚንክ፣ ማንጋኒዝና ኒኬል ነው። ቢቀልጥ የሚያወጣው ጥቂት ሴንት ብቻ ነው።

ታዲያ ውድ የሚሆኑት የትኞቹ ናቸው?

የአንድን ሳንቲም ዋጋ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የተሠራበት ማዕድን፣ ብርቅነቱና ይዞታው። ከዘመናዊዎቹ የዶላር ሳንቲሞች መካከል በብርቅነታቸው ስም ያተረፉ ጥቂቶች አሉ።

አንደኛው ‘ቺሪዮስ’ የሚባለው የ2000 ሳንቲም ነው። አዲሱን የሳካጃዊያ ሳንቲም ለማስተዋወቅ 5,500 ያህሉ በቁርስ እህል ፓኬቶች ውስጥ ተጨምረው ተሸጡ። ከዓመታት በኋላ ከእነዚህ አንዳንዶቹ በጀርባቸው ያለው ንስር የጅራት ላባ ከሌሎቹ በተለየ ጎልቶ የተቀረጸ መሆኑ ታወቀ። እንዲህ ያለው ሳንቲም ዛሬ በሺዎች ዶላር ይሸጣል።

ሁለተኛው የበለጠ ያልተለመደ ነው። በዚያው ዓመት በስህተት በአንድ ፊቱ የሩብ ዶላሩን የጆርጅ ዋሽንግተን ምስል፣ በሌላው የዶላሩን ንስር ይዘው የወጡ ሳንቲሞች አሉ። እስካሁን የታወቁት ሃያ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የተከፈለበትም አለ።

ሦስተኛው ምሳሌ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። በ2007 የወጣው የጆርጅ ዋሽንግተን ሳንቲም በጠርዙ ዙሪያ ሊኖረው የሚገባው ጽሑፍ ሳይታተምበት በአሥር ሺዎች ወደ ገበያ ገባ። ወሬው በተሰማባቸው የመጀመሪያ ቀናት ሰዎች አንዱን በመቶዎች ዶላር ተሻሙበት። ቁጥሩ ብዙ መሆኑ ሲታወቅ ግን ዋጋው ወደ አሥር ቤት ወረደ። ያተረፈው ቀድሞ የሸጠ እንጂ ቀድሞ የገዛ አልነበረም።

ከእነዚህ ውጭ ያለው፣ በእጅ የቆየ ተራ የሳካጃዊያ ወይም የፕሬዝዳንቶች ሳንቲም፣ በአሜሪካ ገበያ ያው አንድ ዶላር ነው።

ጠገራ ብር፦ የዶላር የሩቅ ዘመድ

ለኢትዮጵያ አንባቢ ልዩነቱን በቀላሉ የሚያሳየው ጠገራ ብር ነው። ‘ዶላር’ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ‘ታለር’ ከሚለው ቃል ሲሆን፣ ታለር በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ግዛት በዮአኪምስታል ይመረት ከነበረ የብር ሳንቲም የተገኘ ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ታለር ኢትዮጵያ ገብቶ ጠገራ ብር ተባለ፤ ጨውና ቡናም ተገዛበት።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር በፓሪስ ቢያስመቱም፣ የገጠሩ ነጋዴ ለረጅም ጊዜ የለመደውን ማርያ ቴሬዛን ይመርጥ ነበር። በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች እየቆጠረ፣ የደበዘዘውን እየመለሰ ይቀበል ነበር። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣም ወረቀትን ለማመን ያመነታውን ሕዝብ ለማግባባት ሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ማዕድን ተሠራ። ያ ገንዘብ እስከ 1976 በእንግሊዝኛ ‘የኢትዮጵያ ዶላር’ ይባል ነበር፤ በአማርኛ ግን ያው ብር ነው።

ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ገደማው ንጹሕ የብር ማዕድን ነው። የአንድ አውንስ ብር ዋጋ 30 ዶላር ቢሆን፣ በጠገራው ውስጥ ያለው ማዕድን ብቻ 22 ዶላር ተኩል ያህል ያወጣል። መንግሥት ቢለወጥ፣ መገበያያነቱም ቢቀር ይህ ዋጋ አብሮ አይጠፋም። አንጥረኞች ጠገራውን አቅልጠው መስቀልና ድሪ ይሠሩበት የነበረውም ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን ማንኛውም ጠገራ ብር ብርቅ ነው ማለት አይደለም። ንግሥቲቱ በ1780 ካረፉ በኋላ ሳንቲሙ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ያንኑ ዓመት እንደያዘ በመቶ ሚሊዮኖች ተመትቷል፤ በቪየና ዛሬም ይመታል። ስለዚህ ‘1780’ የሚለውን ቁጥር አሳይቶ የሁለት መቶ ዓመት ቅርስ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ትክክለኛ ነገር ላይናገር ይችላል። የምኒልክ ብር በቁጥር እጅግ ያነሰ በመሆኑ በሰብሳቢዎች ዘንድ የበለጠ ይፈለጋል።

የደቡብ ሱዳን የራሷ ሳንቲሞችስ?

ደቡብ ሱዳን የመጀመሪያዎቹን ሳንቲሞቿን፣ የ10፣ የ20 እና የ50 ፒያስተር፣ ያወጣችው በ2015 አራተኛውን የነጻነት በዓሏን ስታከብር ነው። በዚያን ጊዜው ይፋዊ ተመን 50 ፒያስተር 17 የአሜሪካ ሴንት ገደማ ነበር። ከወራት በኋላ ፓውንዱ ሲወድቅ ሳንቲሞቹ ምንም የማይገዙ ሆኑ።

በሰብሳቢ ዓይን ግን ከአሜሪካው ወርቃማ ዶላር የተሻለ ታሪክ አላቸው፤ የዓለም አዲሲቱ አገር የመጀመሪያ ሳንቲሞች ናቸው፤ የመገበያያ ዕድሜያቸውም አጭር ነበር። ይሁንና ይህ ታሪክ ገና ወደ ገንዘብ አልተለወጠም፤ ባልተነካ ይዞታ ላይ ያሉት እንኳ በውጭ ገበያ የሚሸጡት በጥቂት ዶላር ነው። የሚያስቀምጣቸው ሰው የሚያገኘው ትርፍ ሳይሆን ማስታወሻ ነው።

ከመግዛት በፊት

የዶላር ሳንቲም ለመግዛት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ መለየት ያለበት የሳንቲሙን ዓይነት ነው። ‘አንድ ዶላር’ የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግርም። ከ1878 እስከ 1904 እና በ1921 የተመታው የሞርጋን ዶላር 90 በመቶ ብር ነው። ከ1986 ጀምሮ የሚወጣው ሲልቨር ኢግል ‘አንድ ዶላር’ ይበል እንጂ አንድ ሙሉ አውንስ ብር ይዟል። የአይዘንሃወር ሳንቲሞች አብዛኞቹ የመዳብና የኒኬል ቢሆኑም፣ ለሰብሳቢዎች ተብለው ከተመቱት አንዳንዶቹ 40 በመቶ ብር አላቸው። የሱዛን አንተኒ፣ የሳካጃዊያና የፕሬዝዳንቶቹ መደበኛ ሳንቲሞች ብር የለባቸውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሻጩ የሚጠራውን ዋጋ በእርግጥ ከተሸጠበት ዋጋ መለየት ነው። በኢንተርኔት ላይ ለአንድ ተራ ሳንቲም ሺህ ዶላር መጠየቅ ማንም ይችላል፤ ዋጋውን የሚያሳየው ግብይቱ ነው። ብርቅ ነው የተባለ ሳንቲም በታወቀ የምዘና ተቋም ካልተመረመረ ገዢ አያምነውም። ምርመራው ደግሞ በአንድ ሳንቲም በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ስለሚያስወጣ ለተራ ሳንቲም አያዋጣም።

ሦስተኛው፣ ሳንቲምን ማጽዳት ዋጋውን ይቀንሳል። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና የተፈተገ ሳንቲም ያብረቀርቃል፤ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ግን ጭረቱን አይቶ ይተወዋል። አራተኛው ሕግ ነው። እንደ አክሱም ዘመን ሳንቲሞች ያሉ ጥንታዊ ገንዘቦች ቅርስ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት ያስጠይቃል።

ዘመናዊውን የዶላር ሳንቲም ለታሪኩ፣ ለምስሉ ወይም ለልጆች ማስተማሪያ መሰብሰብ ደስ የሚል፣ ብዙ ወጪም የማይጠይቅ ልማድ ነው። በላዩ ከተጻፈው ዋጋ አብልጦ የሚከፍል ሰው ግን ገንዘቡን ተመልሶ እንደማያገኘው አስቀድሞ ቢያስብ ይሻለዋል። ቁጠባውን ከግሽበት ለማትረፍ ለሚሻ የጀበል ነጋዴ ደግሞ መልሱ ከዚህም አጭር ነው፦ ነገ በአስቸኳይ ገንዘብ ቢያስፈልገው፣ ሳንቲሙን በዚያው ገበያ የሚቀበለው አያገኝም።