የአኳሪየም ዓሣ ቀለምና ምግብ

የአኳሪየም ዓሣ ቀለም በከፊል ከዘር የሚወረስ፣ በከፊል ደግሞ ከምግብ የሚገኝ ነው። ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ ቀለሞች በአብዛኛው የሚመጡት ካሮቲኖይድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆን፣ ዓሣ እነዚህን በራሱ ሰውነት ሊሠራቸው አይችልም። የሚሠሯቸው ዕፅዋት፣ አልጌዎችና አንዳንድ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ዓሣው እነርሱን ወይም እነርሱን የበሉ ትንንሽ እንስሳትን በመብላት ያገኛቸዋል። ቅጠልና ቢጫ በቆሎ የምትበላ ዶሮ የእንቁላሏ አስኳል የሚደምቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚታዩት ፍላሚንጎዎችም ሮዝ ቀለማቸው የሚመጣው ከምግባቸው፣ በተለይም ስፓይሩሊና ከሚባለው አልጌ ነው።

ምግብ የሚለውጠውና የማይለውጠው

በዓሣ ቆዳ ውስጥ ክሮማቶፎር የሚባሉ ቀለም ያዥ ሕዋሳት አሉ። ካሮቲኖይድ የሚከማቸው በቀዩና በቢጫው ሕዋሳት ውስጥ ነው። ጥቁሩን ቀለም፣ ሜላኒንን፣ ዓሣው ራሱ ይሠራዋል። የኒዮን ቴትራ አንጸባራቂ ሰማያዊ መስመር ደግሞ ከቀለም ንጥረ ነገር የመጣ አይደለም፤ ብርሃን ከጓኒን በተሠሩ ስስ ክሪስታሎች ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ነጸብራቅ ነው። ስለዚህ «ቀለም አድማቂ» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ ከሰማያዊው መስመር ሥር ያለውን ቀይ ሊያደምቅ ይችላል፤ በሰማያዊው ላይ ግን ብዙ ለውጥ አይጠበቅም።

ዓሦች ካሮቲኖይድን የሚጠቀሙበት መንገድም ይለያያል። ወርቃማ ዓሣና ኮይ በአልጌ ውስጥ የሚገኘውን ዚያዛንቲን ወደ ቀዩ አስታዛንቲን መለወጥ ይችላሉ። ይህ ችሎታ የሌላቸው ዓሦች አስታዛንቲኑን እንደ ሽሪምፕና ክሪል ካሉ እንስሳት ተዘጋጅቶ ማግኘት አለባቸው። በእርባታ የሚያድግ ሳልመን ሥጋው ሮዝ የሚሆነውም አስታዛንቲን በመኖው ውስጥ ስለሚጨመርለት ነው።

የጉፒ ምሳሌ

በደንብ ከተጠኑት ዓሦች አንዱ ጉፒ ነው። በትሪኒዳድ ደሴት ጥቅጥቅ ያለ ደን በሚጋርዳቸው ጅረቶች ብርሃን ስለሚያንስ አልጌ በብዛት አይበቅልም፤ በዚያ የሚኖሩ ጉፒዎችም የሚያገኙት ካሮቲኖይድ ያንሳል። ይህ ለወንዱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ ብርቱካናማው ነጥቡ የደመቀውን ይመርጣሉና። ሆኖም ነጥቡ ከካሮቲኖይድ ሌላ ድሮሶፕተሪን የሚባል፣ ዓሣው ራሱ የሚሠራው ቀይ ቀለምም አለበት።

በአኳሪየም ውስጥ

ለቀለም የሚረዱት የተለመዱ ምግቦች ክሪል፣ አርቴሚያ፣ ዳፍኒያና ስፓይሩሊና ናቸው። አንዳንድ ፋብሪካዎች የቀይ በርበሬ ዱቄትም ይጨምራሉ፤ ቀለሙ ካፕሳንቲን የሚባል ካሮቲኖይድ ነው። (ለወጥ የተዘጋጀ በርበሬ ጨውና ቅመም ስላለበት ለዓሣ አይሆንም።) ካሮቲኖይድ በብርሃን፣ በሙቀትና በአየር ስለሚበላሽ፣ ተከፍቶ ለወራት የቆየ ምግብ ዓሣውን ቢያጠግብም ቀለሙን ላይጠብቅ ይችላል። ለውጡም ሳምንታት ይፈጃል።

የደበዘዘ ዓሣ ሁሉ ምግብ የጎደለው አይደለም። ጭንቀት፣ በሽታ፣ በአሞኒያ የተበከለ ውሃ፣ ነጣ ያለ ጠጠር ያለው ወለልም ቀለምን ያደበዝዛሉ፤ ኒዮን ቴትራ ደግሞ ማታ ማታ በተፈጥሮው ይደበዝዛል። ከምግቡ በፊት ውሃውን መመርመር ይሻላል፤ ቀለም ለማድመቅ ተብሎ የሚበዛ ምግብ ሳይበላ በስብሶ አሞኒያውን ይጨምራልና።

በንግዱ ዓለም ዓሦችን በፍጥነት ለማድመቅ የወንዴ ሆርሞን በምግብ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይህ ቀለም ሆርሞኑ ሲቋረጥ ይደበዝዛል፤ ዓሣውም መካን ሊሆን ይችላል። በመርፌ ቀለም ተወግተው የሚሸጡት መስታወት ዓሦች ግን ከምግብ ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ቀለማቸውም ከጊዜ በኋላ ይጠፋል።