በደረቅ የጥድ ግንድ ውስጥ የሚያድጉ ባለረጅም ቀንድ ጥንዚዛዎች

ባለረጅም ቀንድ ጥንዚዛዎች ሴራምቢሲዴ በተሰኘው የነፍሳት ቤተሰብ የሚመደቡ ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ከ30 ሺህ በላይ ዝርያዎች እንዳሏቸው ይታወቃል። መጠሪያቸውን ያገኙት ብዙውን ጊዜ ከሰውነታቸው ርዝመት ከሚበልጠው ቀንድ መሰል አንቴናቸው ነው።

ሴቷ ጥንዚዛ እንቁላሏን በቅርፊት ወይም በእንጨት ስንጥቅ ውስጥ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ነጣ ያለ እጭ እንጨቱን እየቦረቦረ ያድጋል። ደረቅ እንጨት ንጥረ ምግቡ አነስተኛ በመሆኑ ዕድገቱ እንደየዝርያው ከአንድ ዓመት እስከ በርካታ ዓመታት ይፈጃል። ስለሆነም ደረቁ ግንድ ለማገዶ ሲውል ከውጭ የማይታየው ትውልድ አብሮ ይጠፋል።

የአበሻ ጥድ ከዓረብ ልሳነ ምድር እስከ ዚምባብዌ ባሉ ደጋማ ስፍራዎች በተፈጥሮ የሚበቅል ዛፍ ሲሆን፣ አዲስ አበባም ለዛፉ ተስማሚ በሆነው ከፍታ ላይ ትገኛለች። እንጨቱን ምስጥ በቀላሉ ስለማይደፍረው ለቤት ምሰሶና ለአጥር ሲፈለግ ኖሯል። በኋላ በሌሎች የደን አዋጆች የተተካው አዋጅ ቁጥር 94/1986 ጥድን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር ጥበቃ ከሚሹ አገር በቀል ዛፎች መድቦት ነበር።

የጥንዚዛዎቹ ጠባይ አንድ ዓይነት አይደለም። በኬንያ የሚታወቀው ኦሚዳ ጋሃኒ የተባለው ዝርያ በደረቁ የቅርንጫፍ ጉቶዎችና በቁስሎች በኩል ወደ ጥድና ወደ ፈረንጅ ጥድ ግንድ ገብቶ በቁም ያሉ ዛፎችን ጭምር ይጎዳል። ሌሎች በርካታ ዝርያዎች ግን የሚመጡት ዛፉ ከሞተ በኋላ ነው። በመሆኑም በደረቅ ግንድ ላይ የሚታይ ቀዳዳ ዛፉን የገደለው ጥንዚዛ ለመሆኑ በራሱ ማስረጃ አይሆንም።

ግንባታ በተስፋፋበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የቆዩ ዛፎች ከሚጠበቁባቸው ስፍራዎች መካከል የአብያተ ክርስቲያናትና የተቋማት ቅጥር ግቢዎች ይገኙበታል። የእነዚህ ግቢዎች ኃላፊዎች በመንገደኛና በሕንጻ ላይ አደጋ የሚያስከትል ደረቅ ዛፍ ማስወገዳቸው ተገቢ ነው። ሆኖም የተቆረጠውን የአበሻ ጥድ ግንድ በሙሉ ከማንሳት ይልቅ ከፊሉን በግቢው ጥግ ማቆየት ለነፍሳቱ መኖሪያ ይሆናል፤ የቆመውን ዛፍ ቅርንጫፍ ያለአግባብ አለመቁረጥና ግንዱን አለማቁሰል ደግሞ ለጎጂዎቹ በር ይዘጋል።