ከፈረሰኛው በፊት የነበረው እጅ

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ዐረባዊው ሊቅ አል ዑመሪ፣ ግዛቷ ከዛሬው የሰፋ የነበረው የሐዲያ ንጉሥ 40,000 ያህል ፈረሰኛ ያሰልፍ እንደነበር ይነግረናል። ቁጥሩ ተጋንኗል ብንል እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይህን ሁሉ ፈረስ ማን ገራው?

ገዢዎች በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። የገሪው ስም ግን አልተጻፈም።

የገሪው ሥራ ከጦር ሜዳ አስቀድሞ በጋጣ ይጀምራል። ፈረስ ሸሽቶ የሚድን እንስሳ ነውና ከኋላው ድንገት የሚመጣውን ይፈራል። ስለዚህ ገሪው በትከሻው በኩል ቀርቦ፣ በድምፁ አስታውቆ፣ አንገቱንና ጀርባውን ያሻል፤ ጋማውን ያበጥራል፤ ኮቴውን አንሥቶ ያጸዳል። እጅን የለመደ ፈረስ ኮርቻን፣ ኮርቻን የለመደም ሰውን ይቀበላል። የመጀመሪያው ጉዞ ልጓሙ ተይዞ በእርምጃ የሚደረግ አጭር ጉዞ ነው፤ ሶምሶማውና ግልቢያው ኋላ ይመጣሉ። በጅራፍ ብቻ የተገራ ፈረስ ግን ፍርሃትን እንጂ ሰውን አይማርም።

በሐዲያና በከምባታ ምድር የጦር ፈረስ ዘመን አልፏል፤ ፈረሱ ግን ሸክምና ጋሪ ይዞ ቀርቷል። ሕጉም አልተለወጠም። በሆሳዕና ማለዳ የጋሪ ፈረሱን የሚያሸው ሠራተኛ የዚያ ያልተጻፈ ታሪክ ሕጋዊ ወራሽ ነው።