ድል አድርገው መንግሥታቸውን ያጡት ንጉሥ

ውጊያ ማሸነፍና ጦርነት ማሸነፍ ለየቅል መሆናቸውን የሚያሳይ ታሪክ አምጣ ብባል፣ ከታላላቆቹ አውደ ውጊያዎች አንዱን አልጠራም። በመካከለኛው ጀርመን ያለችውን ትንሿን ላንገንሳልዛን እጠራለሁ።

በ1866 (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፕሩሻና ኦስትሪያ ለጀርመን የበላይነት ተፋጠጡ። በመሀል የተያዙት ትንንሽ መንግሥታት ወገን መምረጥ ግድ ሆነባቸው። የሃኖቨር ንጉሥ 5ኛው ጆርጅ፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የአጎት ልጅ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው የጠፉ ሰው ነበሩ። ፕሩሻ ከጎኗ እንዲቆሙ ብትጠይቃቸው እምቢ አሉ። ከባቫሪያ ሠራዊት ለመቀላቀልም ከነጦራቸው ወደ ደቡብ ወረዱ። እንዲህ ያለው ጉዞ የሚያዋጣው ሲፈጥኑ ነበር፤ እርሳቸው ግን ከፕሩሻ ጋር መልእክተኛ እየተላላኩ ቀናት አባከኑ። በእኔ ግምት መንግሥቱ የጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ጁን 27 የፕሩሻው ጄኔራል ፍሊስ 9,000 ያህል ሰው ይዞ 19,000 ገደማ የሚሆነውን የሃኖቨር ጦር ገጠመ። ድፍረት ከተባለ ድፍረት ነው! ሃኖቨሮች ከኡንስትሩት ወንዝ ማዶ፣ ሜርክስሌበን ከተባለች መንደር አጠገብ ያለውን ኮረብታ ይዘው በመድፍ መከቱት። ከቀትር በኋላ ራሳቸው ወንዙን ተሻግረው አጠቁ፤ ፈረሰኛቸውም ጋለበ። ፍሊስ 900 ያህል ምርኮኛ ጥሎ አፈገፈገ።

ድሉ ግን ውድ ነበር። የፕሩሻ ጠመንጃ ከኋላ የሚጎርስ ስለሆነ ወታደሩ እንደተኛ ይተኩሳል፣ እንደተኛ ያጎርሳል። የሃኖቨሩ ገና ከአፈሙዝ ነበር የሚያጎርሰው፣ ለዚያውም ቆሞ። ስለዚህ አሸናፊው ከ1,400 በላይ ሙትና ቁስለኛ ሲቆጥር፣ የተሸናፊው 800 ያህል ነበር።

በማግስቱ ጥይቱም ስንቁም ተመናምኗል። ባቫሪያዎች አልደረሱም፤ ሌላ የፕሩሻ ጦር ግን ከየአቅጣጫው ደረሰ። ጁን 29 ድል አድራጊው ጦር እጁን ሰጠ። ወታደሩ መሣሪያውን አስረክቦ ወደየቤቱ ተሸኘ። በዚያው ዓመት ሃኖቨር የፕሩሻ አንድ ክፍለ ሀገር ሆና ቀረች።

የሙያ ነገር ሆኖብኝ አንዲት ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልኩም። ቢስማርክ በ1868 የንጉሡን ሀብት ይዞ ገቢውን በድብቅ ጋዜጦች መደለያ አደረገው። ገንዘቡም «የተሳቢ እንስሳት ገንዘብ» የሚል ስም ወጣለት።

ንጉሡ በስደት ኖረው በ1878 ፓሪስ ውስጥ ዐረፉ፤ የተቀበሩት ግን እንግሊዝ አገር፣ ዊንድዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዓመቱ፣ በ1879፣ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ከዚያው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበረ።