አያቶቻችን ፖስታ ላይ የቀረው አበበ

አሜሪካኖች ለስፖርት ካርድ ያብዳሉ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እ.ኤ.አ. በ1952 ከማስቲካ ጋር ታሽጎ ለሕፃናት በሳንቲም ይሸጥ የነበረ፣ ሚኪ ማንትል የሚባል የቤዝቦል ተጫዋች ያለበት አንድ ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ምን ቢሆን ነው እንዲህ የተወደደው? ኩባንያው ሳይሸጥ የቀረውን ካርድ ቦታ አጣበበብኝ ብሎ ባሕር ውስጥ እንደጣለው ይነገራል። የተረፈውንም እናቶች ቤት ሲያጸዱ ጣሉት። ሁሉም የጣለውን ጥቂት ሰው አስቀመጠ፤ ያ ጥቂት ሰው ዛሬ ሀብታም ነው።

እኛ አገር እንዲህ ያለ የካርድ ልማድ አልነበረም። ስፖርተኞቻችንን በትንሽ ወረቀት ላይ አትሞ በየቤቱ ያደረሰልን ፖስታ ቤት ነው። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ የድሮ ስፖርት ቅርስ መሰብሰብ የሚፈልግ ወጣት ዓይኑን ወደ ቴምብር ይመልስ እንላለን። ሰሜን ሸዋ ለሚኖር ሰውማ ነገሩ የቤቱ ጉዳይ ነው። ለምን እንደሆነ እንንገራችሁ።

የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች የታተሙት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን የታተሙትም ፓሪስ ነው። በዝቅተኛ ዋጋዎቹ ላይ የምኒልክ ምስል፣ በከፍተኞቹ ላይ የይሁዳ አንበሳ አለ። ምኒልክ ደግሞ በ1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ አንጎለላ ተወልደው፣ አንኮበርን መናገሻ አድርገው ሸዋን የገዙ ሰው ናቸው። ቴምብሩ ያረጀ ስለሆነ ውድ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አይደለም! ያልተላከበትን፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያለውን የምኒልክ ቴምብር ዛሬም በጥቂት ዶላር ማግኘት ይቻላል። ምክንያቱም አብዛኛው የተሸጠው ደብዳቤ ለሚልክ ሰው ሳይሆን ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በእውነት ደብዳቤ ተልኮበት፣ ማኅተም አርፎበት ከነፖስታው የተረፈ ቴምብር ግን ብርቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር እንያዝ፦ ቴምብርን ብርቅ የሚያደርገው ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ የሄደበት መንገድም ነው።

አሁን ወደ ስፖርቱ እንምጣ። ጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። ጥር 13 ቀን የእነ ሉቺያኖ ቫሳሎ ቡድን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ለዚያ ውድድር መታሰቢያ በወጡት ቴምብሮች ላይ እግር ኳስ ብቻ አልነበረም፤ ጉግስም አለ፣ የሮማው ማራቶን አሸናፊም አለ። አገሪቱ በዚያች ጥር ራሷን እንዴት ታይ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚነግረን ምን አለ? የፈረስ ጨዋታችን፣ ኳሳችንና ሯጫችን ጎን ለጎን።

ያ ሯጭ አበበ ቢቂላ ነው። የተወለደው በ1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲያሸንፍ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ቶኪዮ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ሲደግመው ደግሞ ጫማ አድርጎ ነበር። እንግዲህ ከአንድ አካባቢ የወጡ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በዘውድ ሌላው በእግሩ፣ ቴምብር ላይ ወጡ ማለት ነው።

ታዲያ ስብስባችንን ከየት እንጀምር? ከጨረታ አይደለም፣ ከአያት ሣጥን ነው። አዲስ አበባ ሥራ የገባው አጎት ወደ ደብረ ብርሃን የጻፈው፣ ወታደሩ ከጦር ግንባር ወደ አንኮበር የላከው ደብዳቤ በየቤቱ አለ፤ ወይም ነበረ። «የድሮ ወረቀት ነው» ተብሎ እሳት ማያያዣ የሆነው ስንቱ ነው!

ካገኛችሁ ግን እባካችሁ ቴምብሩን በመቀስ ቆርጣችሁ አታውጡ። ከነፖስታው ይሁን። ማኅተሙ ቀኑንና ከተማውን ይናገራልና፣ ቴምብሩ ከተቆረጠ የሄደበት መንገድ አብሮ ይጠፋል። በሙጫም ሆነ በፕላስተር አትለጥፉ፤ እርጥበትና ፀሐይ ከማይነካው ቦታ አኑሩት። ከሻጭ የምትገዙ ከሆነ በ1890ዎቹ አጋማሽ «ቦስታ» ወይም «መልክት» የሚል ጽሑፍ የታተመባቸውን የምኒልክ ቴምብሮች ተጠንቀቁ፤ የሐሰት ማተሚያ የተመታባቸው ብዙ ናቸው። ጀማሪ ገንዘቡን እዚያ ላይ ባያባክን ይሻላል።

በተረፈ ርካሽ በመሆኑ አትናቁት። የሚኪ ማንትል ካርድ በሚሊዮን የተሸጠው አሜሪካኖች የልጅነታቸውን ነገር ዋጋ ስለሰጡት ነው። የእኛን ዋጋ የሚሰጥልን ሌላ ሰው አይመጣም። ደግሞ የአበበ ቴምብር ሚሊዮን ባያወጣስ? የአያታችን እጅ ጽሑፍ፣ የደብረ ብርሃን ማኅተም፣ የጃቶው ልጅ ሩጫ አንድ ፖስታ ላይ ከተገናኙ፣ እኛ ብንሆን አንሸጠውም።

እናንተም በዚህ እሑድ አያታችሁን ሣጥኗን እንድትከፍትላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ወሬውንም ጻፉት፤ ማን ለማን ላከው የሚለውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናትና።

ቸር እንሰንብት!