ቀበሌና ክቡ ማኅተም

ዛሬ የምናነበው ቃል «ቀበሌ» ነው። ሦስት ፊደል ነው። በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ይህን ቃል ያልሰማ ሰው የለም። ታዲያ እንዴት የመሥሪያ ቤት ስም ሆነ?

ቃሉ ድሮም ነበረ። አካባቢ ማለት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠውን ቤቶች የሚያስተዳድር የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር በየሰፈሩ ተቋቋመ። ስሙ ረጅም ነው። ሕዝቡ አሳጠረውና «ቀበሌ» አለው።

ስም ብቻውን ግን አይበቃም፤ ዓይንም የሚያየው ይፈልጋል። ክብ ማኅተም መጣ። ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ መጣ። በበሩ ላይ የቤት ቁጥር ተጻፈ። ፊደል ያልቆጠረው ሰው ማኅተሙን በቅርጹ ለየ። «ማኅተም አለው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካለው ወረቀቱን አጥፎ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ትናንት አዋጅ ብቻ የነበረው ነገር እንዲህ እያለ ቤት ገባ። የቀበሌ ቤት ተባለ፤ ስኳርና ሳሙና የሚገዛበትም የቀበሌ ሱቅ ተባለ።

መልካሙን ብቻ አንናገር እንጂ! በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ሰው ፊደል የቆጠረው በቀበሌው ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ከቤቱ ተወስዶ የታሰረውም በቀበሌ ነው። ስሙ ያው ነው፤ ማኅተሙም ያው።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ ቀበሌ ግን አልወደቀም። በ1995 ዓ.ም. ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ሲሆን ቀበሌዎች በሥሩ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ወረዳ ተተካባቸው። ታፔላው ተቀየረ። አፍ ግን ቶሎ አይቀየርም፤ ወረዳ ደርሶ የመጣ ሰው ዛሬም «ቀበሌ ሄጄ ነበር» ይላችኋል።

መልመጃ፦ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከቤት ፈልጉ። በክቡ ዙሪያ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አንብቡ። ከዚያ ወደ ላይ ተመለሱና ስማችሁ፣ የቤት ቁጥራችሁና ቀኑ በትክክል መጻፉን አረጋግጡ።